አባቴ የት ይረፉ?

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ብጽፈው ግማሹ ነዋሪ «ስሟ እሱ አይደለም» ብሎ ይጣላኛል። ሽማግሌዎቹ በአንድ ስም ይጠሯታል፤ የቀበሌው ማኅተም ላይ ያለው ሌላ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ ተሳፋሪ የሚጣሩበት የራሳቸው ስም አላቸው። ከጎንደር ወጥታችሁ፣ ማራኪን አልፋችሁ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዳችሁ ገባ ስትሉ የምታገኟት ናት። ከተማ ትሁን የጎንደር ጓሮ ትሁን እኔም አላውቅም። ለዚያውም የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ።

አለማወቄን ያጋለጠብኝ የልማት ኮሚቴው ነው። መግቢያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሊተከል ነው አሉኝ። ሰሌዳው ላይ የከተማዋ ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና የሕዝቧ ሁኔታ ባጭሩ ይጻፋል፤ እንግዳ ሲመጣ ያነባል። «እዚሁ ተወልደሻል፣ ተምረሻል፣ የየኔታ ልጅ ነሽ፤ ካንቺ ወዲያ ማን ይጻፈው?» ብለው ሸነገሉኝ። እኔም ሽንገላ እወዳለሁ መሰለኝ፣ እሺ አልኩ። ማታውኑ ሦስቱን ርእሶች ከላይ ጻፍኩና ከሥራቸው የሚገባውን ለማሰብ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እኔም ተነስቼ ራት ሠራሁ።

የኔታ የሚሏቸው አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሮጌው ደብር ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ስለሆኑ በከተማው ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ታሪኩን ከሳቸው ልጀምር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ከተማ አለ?» አሉኝ። «ደብሩ ነው የነበረው። ደብሩን ተጠግቶ ካህኑ ሠፈረ፣ ካህኑን ተጠግቶ ተማሪው፣ ተማሪውን ተጠግቶ ጠላ ሻጩ። አለቀ።»

ሸጋ ነው ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ የጎረቤታችን አሮጊት ሲሰሙ ሳቁብኝ። ከጭልጋ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ከብት የሚያሳድሩበት ሜዳ ነበር፣ ገበያው ነው ከተማዋን የወለዳት፣ ደብሩማ በኋላ የመጣ ነው አሉኝ። ሰረዝኩና እሱን ጻፍኩ። ደግሞ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አገኘሁ፤ እሱ ሁለቱንም አጣጣለ። ጣሊያን ማኪና የሚጠግንበት ጋራዥ እዚህ ባይሠራ ኖሮ ጅብ እንጂ ሰው አይኖርም ነበር አለ። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ተቆጡ፤ ምን ጋራዥ፣ ሰውዬው ቀጣፊ ነው አሉ። በሳምንቱ ግን አብረን ስንሄድ ሣር የበላውን የሲሚንቶ ወለል በመቋሚያቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው «ጋራዡ እዚህ ነበር» አሉኝ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ምንም እንዳልተናገሩ ሆነው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መልክዓ ምድሩ እንኳ ሥራዬ ነው፣ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከተማዋ የምታልቅበት ሸለቆ ነበር፤ ከሸለቆው ወዲያ መሄድ ያስገርፋል። ዛሬ ሸለቆው ላይ ፎቅ ቆሟል። ከተማዋ የት እንደምትጀምር ተማሪዎቼን ጠየቅኳቸው፤ አንዱ የባጃጁ ዋጋ የሚጨምርበት ቦታ ነው አለ፣ አንዷ ውኃ የሚጠፋበት ሠፈር ሲደረስ ነው አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም የተሻለ መልስ አልነበረኝም። አየሩም እንዲሁ ነው፤ ከላይ የደጋው ብርድ ይወርዳል፣ ከታች የደምቢያ ሙቀት ይመጣል፣ ጠዋት ጋቢ ለብሰን ወጥተን ቀትር ላይ ጋቢውን ተሸክመን እንመለሳለን። ደጋ ነን ወይና ደጋ ብዬ ልጻፍ? የማያጠራጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤታችን ወጥቶ ዋናው ጎዳና ለሁለት ይከፈላል፤ በቀኝ ወደ አሮጌው ደብር ይወጣል፣ በግራ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል።

አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ሰው ሲበዛ ነው። ሰው ሲበዛ ስል ሦስተኛው ርእሴ ላይ ደረስኩ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። በከተማችን የሚኖረው ማን እንደሆነ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል የሚሠሩት ቀን ቀን እዚያ ናቸው፣ እኛ ጋ የሚመጡት ለመተኛት ነው። በታች በኩል ከጃናሞራ የወረዱ፣ ከጭልጋ የመጡ፣ ከየትም ከየትም ተገፍተው የገቡ ሰዎች በጭቃ ቤትና በቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ልጅ ወልደው፣ ልጅ አስተምረው፣ እድር ገብተው ኖረውም «አገርሽ ወዴት ነው?» ሲባሉ የሚመልሱት የመካነ ብርሃን ነኝ፣ የአይከል ነኝ ብለው ነው። ሲሞቱም አይቆዩልንም። አንድ ሰው ሲሞት ዘመዶቹ መኪና ይከራዩና ወደ ትውልድ አገሩ ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰፊ ነው፣ አጥሩም ያምራል፣ መቃብር ግን አንድም አልነበረበትም። የድሮዎቹ ነዋሪዎች አሮጌው ደብር ይቀበራሉ፣ አዳዲሶቹ አገራቸው ይወሰዳሉ፣ የአዲሱ ግቢ ሣር በየዓመቱ ታጭዶ ለበግ ይሸጣል።

የእኛን የጓሮ ቤት የተከራየችው የመካነ ብርሃን ሴት ናት። ባሏ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ወፍራም ሳቅ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት አባቴን ሲሳለም ሳቁ እኔ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እንደ ደንቡ አይሱዙ ተከራይተው አስከሬኑን ጫኑ። የዚያን ቀን ግን መንገዱ ተዘግቶ ኖሮ መኪናዋ ከመንገድ ተመልሳ መጣች። አስከሬኑ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀመጠ። ለቀስተኛው ደግሞ ከአዲስ ማልቀስ ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ግራ የገባው ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎች ሴትዮዋን ለመኗት። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ነው፣ ቦታም አለ፣ ካህናቱም ፈቃደኛ ናቸው አሏት። አባቴም ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡና እንደሳቸው ልማድ ቀስ ብለው «ልጄ፣ መሬቱ ሁሉ የእግዚአብሔር ነው» አሏት።

«ምነው የኔታ!» አለች። «ምነው እንዲህ ይሉኛል? ማንም በሌለበት ግቢ ብቻውን ላስተኛው? አንድ እንኳ የሚያውቀው ሰው በሌለበት? ሲነጋ አጠገቡ ማን አለ ልበል?»

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። አባቴ መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግሥቱ መንገዱ ተከፈተና አስከሬኑን ይዘው ሄዱ፤ ሴትዮዋ ከተዝካሩ በኋላ ከልጆቿ ጋር ተመለሰች፣ ኑሮዋ እዚህ ነውና።

ግራ መጋባቴ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመሩ። ጎሕ ሲቀድ ይነሳሉ፣ መቋሚያቸውን ይይዛሉ፣ መንታው መንገድ ላይ ይደርሱና ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ወደ ቀኝ መታጠፍ የለመዱ እግሮች እኮ ናቸው! በመጀመሪያ ከአሮጌው ደብር ካህናት ጋር ተጣልተው ይሆናል አልኩ። ሄጄ የልብ ጓደኛቸውን፣ የደብሩን አለቃ ጠየቅኳቸው። አለቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አንድ ጉባኤ ቤት ያደጉ፣ እስከ ዛሬም አንተ እየተባባሉ የሚቀላለዱ።

«እኔም አንቺን ልጠይቅሽ ነበር» አሉኝ። «ምን አድርጌው ነው?»

እንግዲህ ምን ልበል? ጃጅተው ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሆስፒታል የሚሠራ ጎረቤታችንን፣ ወጣት ሐኪም ነው፣ ሻይ ጠጣ ብዬ ጠርቼ አባቴን በዘዴ እንዲያያቸው አደረግኩ። ዕለቱንና ወሩን ጠየቃቸው። እሳቸው የዕለቱን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን በዓላት፣ የዋዜማውን፣ የመጪውን ጾም መግቢያ ሁሉ ቆጠሩለትና፣ እሱ ደግሞ የክርስትና ስሙን ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ አላስታወሰም። ሲወጣ በር ላይ «ከኔ ይሻላሉ» አለኝ፤ እኔ ግን አልተጽናናሁም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ተከትያቸው አዲሱ ግቢ ገባሁ። ሕዝቡ ወጥቷል። አባቴ ከዕቃ ቤቱ ወዲህ ሣሩ ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መምጣቴን አይተው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ስሞት እዚህ ነው» አሉኝ።

«እዚህ ምን?»

«እዚህ ታስቀብሪኛለሽ።» መቋሚያቸውን ሣሩ ላይ ተከሉት። «እዚህ ጋ። ፀሐይም ያገኘዋል።»

እናቴ ከአሮጌው ደብር በስተምሥራቅ ነው ያለችው፤ ከጎኗ ያለው ቦታ የአባቴ እንደሆነ መላው አጥቢያ ያውቃል፣ በየዓመቱ ሙት ዓመቷን ስንዘክር እኔም እሱን ቦታ አልረግጥም ነበር። ያንን ነው የጠበቅኩት፤ የኔን ዓለም ያቆመው እሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ እኔ እየመጣሁ ሁለቱንም አንድ ላይ።

«እናቴስ?» አልኳቸው።

«እናትሽ ብቻዋን አይደለችም። ከልጇ ጋር ናት።»

ከኔ በፊት የተወለደ፣ ክርስትና ተነስቶ ብዙም ያልቆየ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ስለሱ አይወራም ነበር፤ የት እንደተቀበረም ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ዕለት አባቴ ነገሩኝ። እናቴ የአይከል ልጅ ናት። ተድራ ስትመጣ ይህች ከተማ አልሆነቻትም፤ ነጋ ጠባ አገሬ አገሬ ትል ነበር። ሕፃኑ ሲሞት አቅፋው አይከል ካልወሰድኩት አለች። ክረምት ነበር፣ ወንዙ ሞልቷል፣ አይታለፍም። ከበር ላይ ቁጭ ብላ ሕፃኑን አልሰጥም ብላ ስታስቸግር አንዲት የአጥቢያው ባልቴት መጡ፣ ዘመድም አይደሉም፣ እናቴንም በቅጡ አያውቋትም። «ነይ፣ ከናቴ መቃብር ጎን እናኑረው። እሷ ልጅ ትወዳለች፣ ትጠብቅልሻለች» አሏት። እናቴ ይህን ስትሰማ ሕፃኑን ሰጠቻቸው፤ አሮጌው ደብር ተቀበረ፣ እሷም ስትሞት አጠገቡ ገባች።

«ከዚያ ወዲህ» አሉ አባቴ፣ «እናትሽ አይከልን አገሬ ስትል ሰምተሻታል?»

አሰብኩ። «ወላጆቼ ዘንድ» ትል ነበር። «እነ አጎትሽ ጋ» ትል ነበር። «አገሬ» ስትል አልሰማኋትም፤ ያ እኔ ከመወለዴ በፊት ቀርቷል።

«ያቺ የጓሮ ቤቷ ሴት ማን አለ አጠገቡ ብላ ጠየቀችኝ» አሉ። «መልስ አጣሁ። ሰው ሁሉ ይህን ግቢ ባዳ የሚለው ማንም ስለሌለበት ነው። አንድ ሰው ይኑርበት። እኔን ደግሞ ሁሉም ያውቀኛል።»

ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ እንኳ በወጉ ማስረዳት አልችልም፤ እንባና ቁጣ አንድ ላይ መጣብኝ። «ዕድሜ ልክዎን ሰው ሲያገለግሉ ኖሩ፤ ሞተውም ሊያገለግሉ ነው? እኔስ? እኔ በየትኛው በኩል ልሂድ?» አልኳቸው። ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። ለካህናቱ እንዳልነገሯቸው፣ ቢነግሯቸው አሮጌው ደብር አዝኖ ሽማግሌ እንደሚልክባቸው፣ ቀኑ ሲደርስ እኔ እንድነግራቸው አስታወቁኝ። እሺ አላልኳቸውም። እምቢም አላልኩም። ቤት ስንደርስ ምሳ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

አባቴ ያረፉት በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው፤ ጠዋት፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ዳዊታቸውን ሳይከፍቱ። ሐዘኑን አልተርከውም። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰዉ ጎረፈ። ከጧቱ ጀምሮ የአሮጌው ደብር ሰዎች ማንንም ሳይጠይቁ ከእናቴ ጎን መቆፈር ጀምረዋል፤ ምን ያስጠይቃል? አንዷ ሴት ጆሮዬ ሥር «አይዞሽ፣ ከናትሽ ጎን ነው፣ ተቆፍሮ አልቋል» አለችኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ከእኔ በስተቀር አባቴን የሰማ የለም። እኔ ዝም ካልኩ ነገሩ በራሱ ይሆናል። ዝም አልኩ። ሐዘንተኛ ዝም ቢል ማን ይታዘበዋል?

ወጣን። ካህናቱ ፍትሐት እያደረሱ፣ እየቆሙ፣ ደግሞ እየሄዱ፣ የአሮጌው ደብር መስቀልና ጥላ ከፊት፣ የአዲሱ ካህናት ለሸኚነት ከኋላ። እኛ ሴቶቹ እያለቀስን እንከተላለን። ከፊቴ የጓሮ ቤቷ ሴትዮ ትሄድ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ «የኔታ፣ አጫዋቼ፣ ባል ሲሞትብኝ አጠገቤ የተቀመጡ!» እያለች ከኔ በላይ ታለቅሳለች። ምንም አታውቅም። መንታው መንገድ ላይ ስንደርስ መስቀሉ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ተሸካሚዎቹም ተከተሉ፤ እግር የለመደውን ያደርጋል። በግራ በኩል የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ታየኝ፣ ከሥሩ ሣሩ፣ ማንም የሌለበት።

«ቁሙ!» አልኩ።

ጩኸቱ ከኔ መውጣቱን ያወቅኩት ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው። ሴቶቹ ወዲያው ያዙኝ። ሐዘን አሳበዳት፣ ውኃ አምጡ ተባለ፤ አንዷ ፊቴ ላይ ረጨችብኝ። «ልቀቁኝ፣ ደህና ነኝ» ባልኩ ቁጥር አጥብቀው ያዙኝ። እንደምንም ብዬ እየተጎተትኩ አለቃው ፊት ደረስኩ።

«አባባ እዚያ አይደለም ያሉት» አልኳቸው።

«ወዴት ነው ታዲያ?»

እጄን ወደ ግራ ዘረጋሁ። ጸናጽሉ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው «መቃብሩ እኮ ተቆፍሯል» አለ፤ ሌላው «ሚስቱን ትቶ?» አለ። የአዲሱ አስተዳዳሪ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ የሰው አባት ነጠቁ እንዳይባሉ ነው መሰለኝ።

«ማን ሰማ?» አሉኝ አለቃው።

«እኔ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ወደዚያ መሄድ ከጀመሩ በኋላ።»

አለቃው አስከሬኑን አዩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «እሱ ያደርገዋል» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። አስቀየምኩት ብዬ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ መሰለሽ!» ይህን ብለው መስቀሉን ከያዘው ዲያቆን ተቀበሉና ራሳቸው ወደ ግራ ዞሩ።

አዲሱ ግቢ ስንደርስ የተቆፈረ ነገር የለም። ማን ይቁፈር? አስከሬኑ ቤተ መቅደሱ በር ላይ አርፎ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ከመጀመሪያው እየደገሙ፣ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ከታች ሠፈር ያሉት ተከራዮች ሮጡ። የሟቹ የድንጋይ ጠራቢው ጓደኞች፣ የጃናሞራውም የጭልጋውም፣ ዶማ፣ አካፋና መዶሻ ይዘው መጡ። አባቴ መቋሚያቸውን የተከሉበትን ቦታ አሳየኋቸው። መሬቱ ጭንጫ ነው። አንዱ «እዚህስ ጠንካራ ነው፣ ወዲያ ቢሆንስ?» ቢል ሌላው «የኔታ ያሉት ቦታ ነው፣ ዝም ብለህ ምታ» አለው። ድንጋዩን እየጠረቡ አወጡት። ካፊያ ጀመረ፤ ማንም አልተነሳም። ሴትዮዋ አጠገቤ መጥታ ከኔ ጋር አንድ ጋቢ ለበሰች፣ ማልቀሷን ትታ ጉድጓዱን ታያለች፤ ምን እያሰበች እንደሆነ መጠየቅ አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ወደ እናቴ ሄድኩ። ከጎኗ የተቆፈረውን አፈር መልሰውበታል። ጠባቂው ሽማግሌ መጥቶ አጽናናኝና «ለስልሷል አሁን። ለአንቺ ይቆይልሻል» አለኝ። ደግነቱ ነው፤ እኔ ግን ዘገነነኝ። ሕፃኑ ከሷ ጋር መሆኑን አሁን ስላወቅኩ ለሁለት ሰው ሰገድኩና ወጣሁ።

መስከረም ጠብቶ ጥቂት እንደቆየ አንድ የአይከል ሽማግሌ ከታች ሠፈር ሞቱ። ልጆቻቸው መኪና ፍለጋ አልወጡም። ከአባቴ ዝቅ ብሎ ቀበሯቸው፣ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ የጓሮ ቤቷ ሴትዮ ልብስ እያሰጣች፣ ፊቷን ወደ ገመዱ እንዳዞረች «እኔም ቀኔ ሲደርስ የኔታ ዘንድ ነኝ፣ ለልጆቼ ነግሬያለሁ» አለችኝ።

«ባልሽስ?» አልኳት።

«እሱማ ከናቱ ጋር ነው። ብቻውን አይደለም።»

አባቴ ያሉኝን ለማንም አልነገርኩም ነበር። እሷ መቆንጠጫዋን ከአፏ አውጥታ አንሶላውን ሰካች፤ እኔ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት።

ሰሌዳው እስከ ዛሬ አልተተከለም። ሁለቱ ብረቶች ቆመዋል፣ በስሟ ላይ ስላልተስማሙ ሰሌዳው አልመጣም፤ የባጃጅ ሾፌሮች ዝናብ ካቆመ በኋላ እርጥብ ልብሳቸውን ይሰቅሉበታል። እኔም የጻፍኩትን አልሰጠሁም። በታሪኩ ሥር ደብሩን፣ ገበያውንና ጋራዡን ሁሉንም ጽፌያለሁ፤ በሕዝቡ ሥር ያለው ግን ተሰርዞ ተሰርዞ ወረቀቱ ተቀዷል።

በቀደም ደግሞ አዲስ ተከራይ መጣችብን፤ ልጅ ያዘለች፣ ከደጋ የወረደች፣ ዕቃዋ አንድ ማዳበሪያ የማይሞላ። የጓሮ ቤቷ ሴትዮ ተቀብላት ውኃ ሰጠቻት። እንግዳዋ ጠጥታ ዙሪያዋን አየችና «እት ዓለም፣ አገርሽ ወዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ አልቆየችም። አገጯን ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን አቅንታ «የዚሁ ነኝ» አለች።

እንግዳዋ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ?»

እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የሚያስቸግር ጥያቄ አልነበረም። እጄን አነሳሁ። እናቴ ያለችበትን ላሳያት ወይስ አባቴ ያሉበትን፣ እጄ አየር ላይ ቀረ።